ሰባት ቁጥር

ዘጠኝ ዓመት ሞላው፤ ቡሹ ደረሰልን።
ምሳር በትከሻ፣ ዝምታ በመሃል፣
የአሌንቴጆ ሐሩር በጧቱ ይፋጃል።

ሥራው ጥንድ ይሻል፤ አንዱ በዚህ ሲመታ
ሌላው በዚያ ያደምጣል የልጡን እሺታ።
የአባቴ ጥንድ አዴሪቶ ነበር፤
እኔ ውሃ አመላላሽ፣ ስባሪ ለቃሚ።
ትራክተሩን ያን ቀን ግን እኔ ነኝ የነዳሁት።
አባቴ አልጠየቀኝ፤ እኔም አልነገርሁት፤
ሦስት ክረምት ሾርባዬን ፊት ለፊቱ ጠጣሁት።

ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ከወፍራሙ ግንድ ላይ፣
በነጭ ቀለም ሰባት፤
ወገቧን የታጠቀች፣ ጅራቷ የተንጋደደ፣
ቀለሟ እስከ ሥሩ እንደ ንፍጥ የወረደ።
የወንድሜ እጅ። ቀለም ማብዛት ልማዱ ነበር።

ምሳሬን አነሳሁ።
«ተው!»
ሁለት ፊደል፤ ሦስት ዓመት ያጠራቀማት።
ባርኔጣውን አውልቆ መዳፉን ቁጥሩ ላይ ጫነ፤
ቆየ። ጉንዳን እጁ ላይ ወጣ፣ ወረደ።
ከዚያም፣ ወደ እኔ ሳያይ፦
«በዚያ በኩል ዙር። ቀስ ብለህ። እንዳይሰነጠቅ።»

መታሁ። አደመጠ።
መታ። አደመጥኩ።
ልጡ ሳይሰበር፣ ከነሰባቱ ተላቀቀ፤
ጫፍና ጫፉን ይዘን
እንደ ቃሬዛ ተሸክመነው ወረድን።
የት እንደምናኖረው አልተነጋገርንም።

ከኋላችን ግንዱ ቀይ፣ እርጥብ፤
ገና ቁጥር የለውም።