ልል ስፌት

ከስታዲየሙ ሥር፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣
ሃያ ስድስት ዓመት በሳሙና ሽታ፣ በመርፌ፣ በስፌት፣
እኔ ኤርሲሊያ፣ የቶሬ ማሪዛ፣ የወደቡ ልጅ፣
አሠልጣኝ የማውቀው በፊቱ አይደለም፣ በጃኬቱ ነው እንጂ።

ደረቱ ላይ በግራ፣ ከዓርማው ትይዩ፣
ሁለት ፊደል አሉ፣ የስሙ መነሻ፣ ከሩቅ የሚታዩ።
ክለባችን ድሃ፣ ጃኬቱ አንድ ብቻ፣
አሠልጣኝ ሲባረር ምላጭ አወጣለሁ፣ ለፊደሉ መፍቻ።

ሰኞ ነው ሁልጊዜ። ስልኩ ይጮኻል ጠዋት፣
ባርዴላ ነው፤ ባለ ቱና ፋብሪካው፣ የክለቡ አባት፣
እሑድ ከተረታ እንቅልፍ የማይወስደው፣
ቆርቆሮ እንደማሸግ ሰውን ማሸኘት የሚቀለው።
«ኤርሲሊያ» ይለኛል፣ «ፊደሉን አንሺው»።
ደኅና አደርሽ የለ፣
ስልኩን ይዘጋዋል፣ ገና አቤት ሳልለው።

ቲቶ ጋላቮቲ፣ ቲው መስቀል መሳይ፣
ለመስፋት ቀላል ነው፣ አንድ ክር ወደ ጎን፣ አንድ ክር ወደ ላይ፤
ዘጠኝ ጨዋታ ነው ያየነው ከሜዳው ዳር።
ኦሬስቴ መጣ፣ ኦው እንደ ቀለበት፣ ለመስፋት ችግር፣
ዙሩን ሳልገጥመው ሰማሁ ሲባረር፤
ሠርጉ ሳይደርስለት የወለቀ ቀለበት፣ እንዲያ ነበር።

ሁሉም ግን ተበዳይ ነው ብዬ አልዋሽም፤
ስካልቪ የሚባል ሦስት ዓመት ታገሥነው፣ ማንም አልነካውም፣
ልምምድ ላይ ሲያንቀላፋ፣ ወንበር ላይ ሲያዛጋ፣
«ጊዜ ስጡት» ስንል፣ አንድ ዲቪዚዮን ወርደን ከፈልነው ዋጋ።
ትዕግሥትም እንደ ቀፎ ነው፤
አንዳንዱን ብትጠብቀው፣ ብትጠብቀው፣ ንብ የለው።

ጃኬቱ ግን ሌላ ይላል።
ደረቱ በመርፌ ተወጋግቶ ወንፊት ሆኗል፤
መስኮት ላይ ብይዘው፣ ብርሃኑ የአሥራ አንድ ሰው ስም በቀዳዳው ያነባል።
አዲስ ፊደል ስሰፋ ክሩ የሚጨብጠው ጨርቅ ያጣል።

እናም ተንኮል ለመድኩ፣ ወይ ብልሃት በሉት፦
ልል አድርጌ መስፋት፣
አንድ ጫፍ ቢስቡት
ሙሉው እንዲመዘዝ፣ የሰኞው ሥራዬ ለጣቴ እንዲቀል፣
ሰውየው ሳይገባ መውጫውን ማደላደል።

ኤልቪዮ ቪስማራ መጣ በጥቅምት ዝናብ።
አራት ሽንፈት፣ አንድ አቻ፣ አንድ ድል፤ ይኸው ነው ሒሳብ።
እኔ ግን በመስኮቴ የማየው ሌላ ነው፦
የቀኝ ተከላካዩ፣ ያ ኳስ ሲነካ መሬት መሬት የሚያየው፣
ኳስ ሳይደርሰው በፊት ቀና ማለት ጀመረ።
ጎል የሆነ የለም፣ ማንም አልዘመረ፣
ለቀና ማለት ሠንጠረዥ ላይ ነጥብ አይሰጥም፤
ልጁ ግን ቀና አለ። አይቻለሁ፣ አልክድም።

አንድ ዓርብ ቪስማራ ወደ እኔ ወረደ፣
ቢጫ ክር በጣቱ፤ «ፊደሌ» አለ፣ «ሄደ»።
ነፋስ መዞት ኖሯል፣ ቪው ተንጠልጥሎ፣
ሳቀም አልሳቀም፣ ጃኬቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ፣
«አንቺም፣ ኤርሲሊያ?» አለኝ።
ሌላ አልጨመረም። እሷው በቃችኝ።

ባርዴላን ሳማ፣ ጋዜጣ ስረግም፣
የሚያፏጨውን ሕዝብ «አንጀት የለው» ስል፣ ራሴን አላየሁም፤
የመጀመሪያው ስንብት ቢሮ አልተጻፈም፣
እዚህ ነው፣ በኔ መርፌ፣ ሰውየው ጃኬቱን ሳይለብሰውም።

ከሟቹ ባሌ ኮት ገበሩን ቆረጥኩ፣
ከወንፊቱ ጀርባ በውስጥ ደረብኩ፣
ክሩን አጠፍኩት፣ በሻማ ሰም አሸሁት፣
የመርከብ ሸራ እንደሚሰፋ ሰው ጥርሴን ነክሼ ሰፋሁት።

እሑድ ተሸነፍን። ሁለት ለባዶ፣ በሜዳችን።
ልጁ ቀና እንዳለ ኳስ አቀበለ፣ ተቀባይ ግን አጣን።

ሰኞ ስልኩ ጮኸ። «ኤርሲሊያ፣ ፊደሉን—»
«አይወጣም» አልኩት። «ጨርቁን ይዞታል።
ቢነሣ ይቀደዳል።
አዲስ ጃኬት ግዙ።»

ዝም አለ ባርዴላ።
የፋብሪካው ማሽን በስልኩ ውስጥ ይሰማል፣ ቆርቆሮ ሲመታ፣
አልዘጋውም ስልኩን፤
የጃኬት ዋጋ እያሰላ ነው መሰል፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ።