መልስ

ፖስታ ቤቱ ጥግ፣ ከጃንጥላዬ ሥር፣
ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፣ በገጽ ሠላሳ ብር።
ለፍቺም፣ ለውርስም፣ ለጠፋ መታወቂያ፣
«ጉዳዩ፦» መክፈቻ፣ «ከሰላምታ ጋር» መዝጊያ።
የአዳማ ንፋስ ወረቀት ይወዳል፤
በድንጋይ ካልጫንኩት እስከ ፍራንኮ ይሄዳል።

ሁንዴሳ መጣ ዛሬ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፤
ፎርሙን ከደረት ኪሱ አወጣው፣ የታጠፈ በአራት።
«ሰባቱን ጨርሻለሁ፤ ሌላ ሰባት ልደግም፤
አንተው ሙላልኝ ጋሼ፣ እጄ አሁን አይረጋም።»

«ጥቅማ ጥቅም» ይላል በደማቁ ታትሞ፤
አንድ ማዕረግ ጭማሪ፣ የስድስት ወር ደመወዝ ቀድሞ፤
መቶ አምስት ካሬ ሜትር፣ ከንፋስ ማመንጫው በታች፤
(ግርጌው በደቃቅ ፊደል፦ ቦታው ሲለካ፣ መመሪያው ሲወጣ፣
ተራው ሲደርስ፣ ለባለመብቱ ወይም ለወራሾች።)

«አይተኸዋል ቦታውን?» አልኩት።
«ትናንት በባጃጅ ሄጄ በእርምጃ ለካሁት፤
ግራው እግሬ ያሳጥራል፣ በቀኙ አስቤ ደመርኩት።
እዚያ በር፣ እዚህ ጓዳ፣ ከኋላ ውሃ ታንከር፤
ከላይ ያ ብረት ክንፍ ሌት ተቀን ሲሽከረከር፤
ድምጹን እለምደዋለሁ፤ የባሰ ጆሮዬ ሰምቷል።»
ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ ሳይወጣ አልቋል።

ያኔ፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣
አራት ሆነው ነበር የመጡት፣ ከአንድ ሠፈር በአንድ ጠዋት።
አንደኛው ኳስ ታቅፎ፣ አንደኛው የወንጂ ሸንኮራ እየጋጠ፣
«የኔን አሳምረህ!» ብሎ ዘርጋው ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።
ወንበሩ ዛሬም አለ።
እኔም አልጠየቅኩ፤ እሱም አላነሳ።

«ሲቪል ሸሚዝ ገዝቼ ወር ሙሉ ሥራ ፈለግኩ፤
‹ምን ትችላለህ?› ሲሉኝ፣ ጋሼ፣ ዝም አልኩ።
ከማዶም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የኔው ቋንቋ ተናጋሪ፣
ይሄንኑ እየሞላ ነው፤ እኩል መሬት፣ እኩል ጭማሪ።»

ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፦ የወራሽ ስም።
እናቱን አውቃታለሁ፤ ስሟን ልጽፍ ስል፣ «የለም።
ትርሲት በል። ትርሲት ዘርጋው። ስድስት ዓመቷ ነው።»
«ዝምድና?» ይላል ቀጥሎ።
እሱ ወደ መንገዱ ዞረ፤
ንፋሱ ጃንጥላዬን ይዞት ሊሄድ ሞከረ።
ስንቱን ባዶ ቦታ ሞልቻለሁ በዚህ እጄ፤
እዚያ ላይ ሰረዝ አኖርኩ።

ፈረመ። ባለ ሃምሳ አወጣ፤
ኪሴን ዳበስኩ፤ ዝርዝር ከየት ይምጣ?
«ያዘው መልሱን» አለኝ፣ «ስመለስ ትሰጠኛለህ።»

ማታ ከሊስትሮው ልጅ አገኘሁ ሁለት ባለ አሥር፤
ስሙን ጽፌባቸው አኖርኩ፣ ከደብተሬ ካርቦን ሥር።
ለመሄጃው ያን ሁሉ ቆጥረው አትመውለታል፤
ለመመለሻው እኔ ዘንድ ሃያ ብር ይጠብቀዋል።

ንፋሱ በተነሣ ቁጥር
ደብተሩ ላይ ድንጋይ እጨምራለሁ።