ሃያ ስድስተኛዋ

ከቧንቧ ውሃ ሽቅብ፣ ጦሳ ጥላውን ቀድሞ ከሚጥልበት፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ስምንት ሜትር ወለል ያላት።
ሰው ይራመድባታል።
ከጉልበቱ ጎን የለጠፍኳት ነጭ ፍሬ
ብርሃን እየመለሰች ለካሜራው ታቀብላለች ወሬ፤
ከተረከዝ እስከ ተረከዝ አንድ እርምጃ፣ መቶ አንድ ነጥብ።
መጀመሪያ ትንሽ ጉብታ፣ ገላ እግር ላይ ሲያርፍ፣
ከዚያ ረባዳ፣ ከዚያ ትልቁ ጋራ፣ እግር በአየር ሲያልፍ።
ሐረጎን በጭነት መኪና የወጣ ያውቀዋል፣
እንዴት እንደሚታጠፍ።

ሐዋ ይማም ከኩታበር መጣች፣ ቅልጥሟ ከገጠመ ዓመት አልፎት፤
በጤነኛው እግሯ ጋራው ሙሉ ነው፣
በተሰበረው ከስድሳ ሁለት እስከ ሰባ አንድ ጎድሎበት።
በዓይኔ አየሁት። የጫማዋ አፍንጫ ተልጦ ነበር።
ግን "ይህ ጉድለት እውነት ነው" ብሎ ለመናገር
ዓይን አይበቃም።

ኮምፒዩተሬ ውስጥ አንድ ፕሮግራም አለ፣
እንደ ድሮ ዳኛ ምስክር ሳይቆጥር ቃል የማይሰጥ።
"ስንት ሰው አለህ?"
ዘጠኝ።
"ልዩነቱ ስንት ዲግሪ? ሁከቱስ?"
ነገርኩት። በዘጠኙ አምሳል ሐሰተኛ ተራማጅ ይፈጥራል፣
አስር ሺህ ጊዜ ያስኬዳቸዋል፣
ጉድለቱን ስንቴ እንደያዘው ይቆጥራል።
ከመቶው አርባ አንዴ።
"ኃይልህ አርባ አንድ ነው" አለኝ፣
ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሰፈሩ ሁሉ ጨለመብኝ።
ደሴ ላይ ስለ ኃይል የሚቀልድ ሞልቷል፣
ማሽን ግን የመጀመሪያው ነው።

"ሰማንያ መግባት አለበት" አሉኝ አማካሪዬ በስልክ።
እናቴ ከጎኔ ሰምታ፣ "ማንን ልታገባ ነው?" አለች፣
ፊቷ በርቶ።
የሷ ሰማንያ በጥቂት ሽማግሌ ይፈረማል፤
የኔው ሃያ ስድስት ሰው ይላል፣ ሃምሳ ሁለት ጉልበት።

ሰኞ ገበያ ጥግ ላለው ወጌሻ፣ ለሸጋው አሊ ነገርኩት።
አንዋደድም። "መስመር እንጂ አጥንት አያውቅም" ይለኛል፣
እኔም የሱን ስም ሳነሳ ምላሴ ይሳላል።
ያን ቀን ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ።
"ቀጥ ብለው የዳኑትን አትፈልግም?"
"አልፈልግም። ጠማማ የገጠመላቸውን ነው።"
ብዙ ቆየ።
"አስራ ሰባት ናቸው" አለ።
"ምኖቹ?"
"ያጣመምኳቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት።"
በስም ጠራቸው፦ የቢስቲማውን አናጢ፣ የባቲውን ግመል ነጋዴ፣
ከሐይቅ ሁለት ወንድማማች፣ ከአንድ በቅሎ አንድ ቀን የወደቁ።
የቀናላቸውን ግን አንዱንም አላስታወሰም።

መጡ። አንዳንዱ በታክሲ፣ አንዳንዱ በልጁ ትከሻ።
ግመል ነጋዴው ፍሬዋን ጉልበቱ ላይ ስለጥፍለት፣
"ይቅርታ ነው የላከልኝ ወይስ መድኃኒት?" አለኝ።
የምመልሰው አጣሁ።
"እስኪ እስከዚያኛው ግድግዳ ይሂዱ" አልኩት።

ሃያ አምስት ሲሞሉ ፕሮግራሙን ጠየቅሁት።
ሰባ ስምንት።
ወደ ወጌሻው ወረድኩ። "አስራ ሰባተኛውስ?"
ዓይኑን ከእጁ አላነሳም።
"ዘምዘም ናት። ልጄ።
ኮምቦልቻ ፋብሪካ ቆማ ነው የምትሠራው፣
ቤቴን ከረገጠች ስድስት ዓመቷ። ልኬባታለሁ።"

ሳምንት ጠበቅሁ። ሁለት ሳምንት።
ሁለት ነጥብ ናት የጎደለችኝ።
የሐዋን መስመር ገልብጬ፣ እዚህ ጋ ጥቂት ነካ፣
እዚያ ጋ ጥቂት ዝቅ ባደርገው ማን ያውቃል?
አስር ሺህ ሐሰተኛ ባስኬደ ማሽን ላይ
አንድ ቢጨመር ምን ይለዋል?
ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ መብራት ሄደ።

ደረጃው ላይ እርምጃ።
አንዱ ጠንከር ያለ፣ ተከታዩ የዘገየ፤
የጫማ አፍንጫ ሲሚንቶውን ጫር፣ ጫር።
ዓይን አይበቃም ብያለሁ፤ ጆሮም አይበቃም።
ተነስቼ ወለሉን በስልኬ አበራሁት፣
ስምንቱንም ሜትር።