በግራህ

ከገበያ አዳራሹ ኋላ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣
አስፋልቱ ደክሞት ወደ ጠጠር ሲገባ፣
እዚያ ነው በሩ። የዛገ ሰሌዳ፦
«ዊሎ ቤንድ። ጥብቅ ረግረግ። ውሻህን እሰር፤ ዝግ ብለህ ንዳ።»
ማንም አያነበውም።
እኔም አራት ዓመት ሮጬ አልፌዋለሁ፣ ዓይኔን ሰዓቴ ላይ ጥዬ፣
«አንተ ካልሮጥህ ልብህ ይቆማል» ያለችኝን ሐኪም ሰምቼ፣ እሺ ብዬ።

በስተግራ ፊላ፣ ከሰው ቁመት በላይ፤ በስተቀኝ የቆመ ውሃ፤
ከላይ አውሮፕላን፣ ሊያርፍ ሲል፣ እግሩን ዘርግቶ፣
ከታች ሳቢሳ አንድ እግሩን አጥፎ፣ ሌላውን ጭቃ ውስጥ ረስቶ።

ፈጣኖቹ ከኋላ ነው የሚመጡት።
«በግራህ!» ይላል አንዱ፤
ቃሉ ሳይደርስ ነፋሱ ትከሻዬን ይነካል፣
ቀና ስል ጀርባው ብቻ፤ እሱም ነጥብ አክሏል።
ከሁሉም የሚብሰው ትሬንት ነው፤ የጥርስ ሐኪም፣
ብስክሌቱ ከመኪናዬ ይወደዳል፤ ሲነዳ አይስቅም።
በሃያ ሁለት ደቂቃ ዙሪያውን ካልጨረሰ
ቀኑ ተበላሸ፣ ሳምንቱ ፈረሰ።

ቅዳሜ ጧት ነበር፣ ሰኔ በገባ በአራተኛው ቀን፣
ጭጋጉ ፊላው ላይ ተኝቶ እንቢ ያለ ፀሐይን።
ከእንጨት ድልድዩ ወዲህ፣ መንገዱ መሐል፣
ትናንት ያልነበረ ድንጋይ አየሁ።
ድንጋዩ እግር አወጣ።

ኤሊ ናት። ጀርባዋ የተደፋ ድስት፣ ጅራቷ መጋዝ፣
በኋላ እግሮቿ ጠጠር ትቆፍራለች፣
አንድ ዕፍኝ ታወጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ታወጣለች።
ዘወር ብላ አላየችንም። ሥራ ላይ ናት።

አጠገቧ ቨርና፣ ሰባ ስድስት ዓመቷ፣
ብርቱካናማ ሰደርያዋ እስከ ጉልበቷ፣
ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት በር ላይ ሕፃናት ያሻገረች፣
ጡረታ ስትወጣ «ቁም» የሚለውን ክብ ሰሌዳ ሳትመልስ የቀረች።
አሁን አነሳችው።

«በግራሽ!» አለ ትሬንት ከሩቅ።
«በግራም በቀኝም የለም» አለች፣ ሳትነቃነቅ።
ፍሬኑ ጮኸ፤ ጎማው ጠጠሩን በተነ፤
«ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?» ሲል ቁጣው በአፍንጫው ተነነ።
«እሷን ጠይቃት።»

ቆምን። እኔ፣ ትሬንት፣
መንታ በጋሪ የሚገፋ አባት፣ የሌሊት ተራ የጨረሱ ሁለት ነርሶች፤
አራት ዓመት ሙሉ በጀርባ ብቻ የምንተዋወቅ ሰዎች።

እንቁላሉ መውረድ ጀመረ። ነጭ፣ ክብ፣ እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ፣
ቨርና ትቆጥራለች፣ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ።
አሥራ ሰባት ላይ የትሬንት ሰዓት ተናገረች፦
«እንቅስቃሴህ ቆሟል። ልዝጋው?»
አልመለሰላትም። ዓይኑ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር።
«አሥራ ስምንት» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሠላሳ አንድ ሆኑ።
በኋላ እግሯ ጠጠሩን መልሳ፣ በሆዷ ዱካውን ደመሰሰች፣
ማንንም ሳትሰናበት፣ ቁልቁል፣ ወደ ፊላው ተመለሰች።
ቨርና ከመኪናዋ የሽቦ ወንፊትና አራት ካስማ አወጣች።
ካስማውን የመታው ትሬንት ነው፣ በጫማው ተረከዝ፣
እጁ መንቀል እንጂ መትከል ያልለመደ ሰው ሲያግዝ
እንዴት እንደሚያስቅ! አልሳቅንም እንጂ።

ሐምሌና ነሐሴን ሽቦውን እየዞርን አለፍን፤
ሳሩ ላይ አዲስ መንገድ ወጣ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ።
በመስከረም ጠጠሩ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ።
ሲወጡ ማን እንዳያቸው እንጃ፤ እኔ አላየሁም።
ቨርና ሽቦዋን ነቅላ ሄደች።

መንገዱ ግን እንደተጠመዘዘ ቀረ።
አዲስ የሚመጡት ለምን እንደሚዞሩ ሳይጠይቁ ይዞራሉ።
ትሬንትም ይዞራል፤ አራት ሰከንድ ያስከፍለዋል፤
«በግራህ!» ይለኛል አሁንም፣ ስሜን ጨምሮ።
እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ሰዓቴን ስከፍት፣
የሮጥኩበት መስመር ካርታው ላይ ቀጥ ብሎ ይመጣና
ድልድዩ ጋ ሲደርስ ትንሽ ያብጣል፤
እንቁላል የምታህል።