ሚያዝያ በዶፊን፣ ማኒቶባ

አሠሪዬ ኦስታፕ ከማሳው ዳር ወርዶ፣
አፈሩን ጨበጠው ጓንቱን አስወግዶ፤
ጨብጦ ቢለቀው እንደ ሊጥ ሆነበት፤
«ትራክተሩ ይቆይ፣ ጭቃው ሳይውጥበት።»

ትናንት ሞቆ ነበር፤ በረዶው ቀለጠ፣
ስንዴውም ተታልሎ ቶሎ አቆጠቆጠ፤
ሌሊት ግን ውርጭ መጣ፣ የረሳው እንዳለ፣
የእንቦሳዋን ጆሮ ጫፉን ቆርጦ ጣለ።

ግጦሹ ቡናማ፣ ድርቆሹ አልቆበት፣
ላሞች አጥር ታከው ያያሉ ወደ ቤት።
ሃልያም ወተቱን ታሞቃለች ነቅታ፣
የባንኩን ደብዳቤ ከዳቦ ሥር ከትታ።

ብርድ ማለት ብድር፣ ሁለት ፊደል ዞሮ፤
ኦስታፕ አማርኛ ባያውቅ፣ ያውቀዋል በኑሮ።

ነገ ደግሞ ጓንቱን ያወልቃል።