ሰባተኛው ወንበር

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ናታኒያ ገና አልነጋችም።
ፀሐይ ስትወጣ እግሬ ይሰንፋል፣
ሙቀት አይወድም ሕመሜ፤
ከባሕሩ ጋር ቀጠሮዬ በጨለማ ነው፦
ምርኩዜ በግራ፣ የገደሉ አጥር በቀኝ።

ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው።
አበባ ይሉታል። የወር አበባ።
ስሙን ያወጣው ሰው፣ መቼስ፣
አንድ ቀን እንኳ አላበበም።
እናቴ መርገም ትለዋለች፣
ያደገችበት ቃል ነው፤
እኔ በሁለቱ ስም መሀል
እንደ እርጥብ ልብስ እጨመቃለሁ።

ሐኪሙ ሥዕል ሥሎ አሳየኝ፦
«ነርቭሽ የመብራት ገመድ ነው፤
ፕላስቲኩ እዚህም እዚያም ተልጧል።»
ተርጉሜ ለእናቴ ስነግራት
«ሰው ወለድሁ እንጂ ሽቦ ወለድሁ?» አለች፤
ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ
ብዙ ቆየች።

ግራ እግሬ ራሱን ከረሳ አራት ዓመቱ፤
ጫማው ሲወልቅ አያውቅም፣
እሾህም ምንጣፍም አንድ ነው ለእሱ።
እግሩን የረሳ ገላ ግን
ወሩን አይረሳም።
በቀኑ ይመጣል፣ እንደ ቤት ኪራይ፣
ወገቤን አንኳኩቶ።

ላሪሳ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣
ወረቀት ይዛ ትጠይቃለች፦
«ከዜሮ እስከ አሥር፣ ስንት ነው ሕመሙ?»
በዕብራይስጥ ስምንት እላለሁ።
በአማርኛ ቁጥር የለውም፤
«አንጀቴን» ብቻ ነው የሚባለው፣
የቀረው ትንፋሽ ነው።
«ተነሺ» ትላለች፤ «ቀስ ብለሽ፣ ግን ተነሺ።
ከወንበር ወንበር። ሲደክምሽ ተቀመጪ።
ይፈውስሻል አልልሽም፤ ሞክሪው።»

እናቴ ደግሞ «ተኚ፣ ብርነሽ።
እኛ አገር የመርገም ጎጆ ነበረን፣
ዙሪያውን ድንጋይ የተደረደረ።
ሰባት ቀን እንስራ የለ፣ ወፍጮ የለ፣
ጥጥ እየፈተልን፣ ሴት ከሴት፣ ሐሜት ብቻ።
ምግቡ ከድንጋዩ ጫፍ ይቀመጣል፤
አምጪዋ ሳትነካን ትመለሳለች።
ዕረፍት የምናውቀው ያኔ ነበር።
አንቺ በዚያው ቀን ስፖርት ትሠሪያለሽ!»

እውነቷን ነው። ላሪሳም እውነቷን ነው።
የሚዋሽ ካለ ወገቤ ነው፦
ስተኛ ተነሺ ይለኛል፣ ስነሳ ተኚ።

አንደኛው ወንበር። አለፍኩት።
ሁለተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ከነውሻው፤
«ቦከር ቶቭ» ይለኛል፣ ውሻው ምርኩዜን ያሸታል።
ሦስተኛው ላይ ተቀመጥኩ።
ሕመሙም አብሮኝ ተቀመጠ፣ ቦታ አጣበበ።
አራተኛው አካባቢ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣
ሆዴ ውስጥ የተጨበጠው ጡጫ
አንድ ጣቱን ፈታ።
አንድ ብቻ። ግን ቆጠርኳት።
(ባለፈው ወር አልፈታም፤
እያለቀስኩ በአውቶቡስ ተመለስኩ።
ይህንንም ላሪሳ ጻፈችው።)

ሰባተኛው ወንበር ላይ ዛሬ አንድ ነገር አለ።
ከሩቅ ያብለጨልጫል፦ የእናቴ ፔርሙዝ።
ራሷም አለች፣ አሥር እርምጃ ርቃ፣
ነጠላዋን ለባሕሩ ነፋስ ትታለት፤
ቀድማኝ፣ ሳትነግረኝ፣ በሌላ መንገድ መጥታ።
ቀዝቃዛ ተልባ ነው፣ አውቃለሁ፤
ሙቅ እንደማልችል ታውቃለች።
ከድንጋዩ ጫፍ አስቀምጣ
እስክደርስ ትጠብቃለች።

ስድስተኛውን አየሁት። አልደረስኩበትም።
ከአምስተኛው ሁለት እርምጃ አልፌ
እግሬ እግር መሆኑን ተወ።
የብረቱን አጥር ያዝኩ። አልጠራኋትም።

አየችኝ።
አንዴ መሬቱን አየች፣
ድንጋይ የተደረደረበት ይመስል።
ፔርሙዟን አነሳች፣
ተሻገረች።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ፣ ወገቤን በክንዷ ይዛ፤
የላሪሳን ጥያቄ ከማን እንደሰማች እንጃ።
«ስድስት፣ እማ።»
«ነገ አምስት» አለች። አላመነችበትም።
ጠጣሁ። ባሕሩ መንጣት ጀመረ።
ሙቀቱ ሳይመጣ፣ ሁለታችን፣
በሦስት እግርና በአንድ ምርኩዝ
ወደ አራተኛው ወንበር ዞርን።