የእንጨት ክርስትና

ባልቲሞር፣ ወደቡ ጥግ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ቆርቆሮ የለበሰ መጋዘን፣ ጣሪያው ላይ የየካቲት በረዶ፤
እዚያ ነው የምውለው፤ ጠመኔ በጄ፣ ደብተር በብብቴ፣
የእንጨት ስም መጻፍ ነው እንጀራዬ፣ የዓለም ዛፍ ሁሉ ጎረቤቴ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ይሁን፣ ለሰው ልጅ፤
ለእንጨት ግን ደላላ ነው ክርስትና የሚያነሣው፣ በጉምሩክ ደጅ።

ይኸው ቀዩ፣ ሲላጭ የሚያብረቀርቀው፣ ሳፔሌ ይሉታል፤
ሳፔሌ የናይጄሪያ ወደብ ነው፣ ግንድ ይጫንበታል።
ሰው በተሳፈረበት ጣቢያ ስም ቢጠራ ምን ይላል?

ቲክ ከማላባር ሲነሣ «ተኩ» ነበር አሉ፤
ፖርቱጋል አሽቶት፣ እንግሊዝ ቆርጦት፣
እንደ ሳሙና አለቀ በየመሐሉ።

የማሆጋኒን ምንጭ እርግጡን የሚያውቅ የለም፤
አንዱ ዮሩባ ነው ይላል፣ ሌላው የደሴቶቹ ቋንቋ፣
መዝገበ ቃላቱም አይፈርድም።
አባቱ ያልታወቀ ስም፤ ግን በየባንኩ አዳራሽ፣ በየዳኛው ወንበር
ተደላድሎ ተቀምጧል፤ «የማን ልጅ ነህ?» ያለው የለም።
«የብራዚል ቼሪ» የምንለውም
ቼሪን በዓይኑ አላየም።

አንድ ቀን ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ጭነት መጣ፣
ከወረቀቱ ላይ «ኮሶ» የሚል ስም ወጣ።
ብቻዬን ሳቅሁ፤ አፌ መረረ፣ ሆዴ ታመሰ፤
ኦዴል ፕሩዊት፣ ጣውላ መዳቢው፣
«ምን አሳቀህ?» አለና መነጽሩን አበሰ።
እንዴት ብዬ ላስረዳው? የሱ ኮሶ ወንበር ይሆናል፤
የኔው ኮሶ አፍንጫ ተይዞ ይጋታል፣ ትል ያወርዳል።
ሁለት ሞክሼዎች፣ በቁም ያልተያዩ፣
በኔ ጠመኔ ጫፍ ሰላም ተባባሉ መሰለኝ፤
ወዲያው ተለያዩ።

በመጋቢት ማለቂያ ግን ስም የሌለው መጣ፤
ከፈረሰ የመርከብ ማቆሚያ፣ ከጭቃ የወጣ
ምሰሶ፤ ጥቁር፣ ሚስማር የጠገበ፣ ዛጎል የነከሰው፣
ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው፣ አውቀዋለሁ አይልም ሰው።

ኦዴል በመላጊያ ገለጠው፤ ከቆዳው ሥር አረንጓዴ።
አሸተተው። በምላሱ ነካው።
ቁራጩን በርሜል ውሃ ውስጥ ጣለው፤ ሰመጠ ባንዴ።
«አርባ ዓመት እንጨት ሳነብ» አለ፣ «ይህን ፊደል አላውቀውም።»
ባለመጋዘኗ ቮይቺክ «ስም የሌለው» አለች፣
«ዋጋ የለውም።»

ያን ጊዜ ዴኦናራይን፣ ፎርክሊፍት የሚነዳው ዝምተኛው የጉያና ሰው፣
ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ግንዱን እንደ በሬ ጀርባ ዳበሰው።
«ቢቢሩ» አለ።
ከዚያ ሰውየው በሁለት ዓመት ያልሰማሁትን ያህል አወራ፦
አያቱ በወንዝ ዳር ሲጥሉት፣ ሲሰነጠቅ እንደ ጥይት ሲያጓራ፣
አራዋኮች ቢቢሩ ብለው ኖረውበት፣
እንግሊዞች ደረሱና ልቡን አይተው
«አረንጓዴ ልብ» እንዳሉት።

ኦዴል ቆቡን አወለቀ፣ ለቀብር ይሁን ለጥምቀት።
ቮይቺክ «ጻፍ» አለችኝ።
የቱን? ጠመኔዬ አየር ላይ ቀረች፣
አፌም አላስችል ብሎት፦
«በኛ አገር» አልኩ «ከማዶ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነበረ፤
ወገኑን ማንም አልጠየቀው፣ ባሕር ዛፍ ተብሎ ቀረ።»
ስንፍና ነው ስል ኖሬ ነበር፤ እዚያ ቆሜ ግን ሳስበው
ሐቅ መሰለኝ፦ አናውቅህም፣ ባሕሩን ግን ተሻግረሃል፤
ያየነውን ነው የምንጽፈው።

ሌሊቱን ዘነበ፤ ጠመኔው በሙሉ ታጠበ።
ምሰሶው አልተሸጠም፤ በሩ ሥር ተጋድሞ ደረጃ ሆነ፣ ተረገጠ፣ ተለመደ።
በደብተሬ በስም ዓምድ ሦስት ቃል አለ፣
በዋጋ ዓምድ ባዶ።

ዴኦናራይን ብቻ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩን ሳያስነሣ፣
በለሆሳስ በስሙ ይጠራዋል፤ ሲያልፍ እግሩን ከፍ አድርጎ ያነሣ።
ምሰሶው አይመልስም።
እሱም ቆሞ አይጠብቅም።